«ፍቅር እስከ መቃብር»፦ ስለቱን የት ላስገባው?

ሰላም ለሁላችሁ። በሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ (1958 ዓ.ም.) ላይ ባለ 5 አንቀጽ ትንተና ጀምሬ መላው ጠፍቶኛል። የመከራከሪያ ሐሳቤ «ፍቅረኞቹን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የለያያቸው የዘር ኩራት ነው» የሚል ነው። ለዚህ ማስረጃ ሞልቷል፤ የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሩ ጋር የገቡበት ጠብ ብቻውን አንድ አንቀጽ ይወጣዋል፣ የባላባቱን ሥርዓት የሚተቸው የጉዱ ካሣ ንግግሮችም አሉ።

ያስቸገረኝ ስለቱ ነው። በዛብህ ገና በልጅነቱ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ በመሆኑ እንቅፋቱ የመደብ ብቻ አይደለም። ብዘለው ክርክሬ ይሳሳል፤ ባስገባው ደግሞ አንቀጹ መተንተኑን ትቶ ታሪኩን ወደ መተረክ ይንሸራተታል። 4ኛው አንቀጽ ላይ እንደ ተቃራኒ ሐሳብ አቅርቤ ልመልሰው ወይስ የመከራከሪያ ሐሳቡን ራሱን ላስፋው? በአንቀጽ ከ2 አጭር ጥቅስ በላይ አይፈቀድም። መደምደሚያውን ተዉት፣ እሱ አያቅትም።