«በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ድራማ ከዘጋቢ ፊልም ጋር በአንድ ዝርዝር ይጠቆም?

አወያይ፦
ልጆች የክረምት ዕረፍት ላይ ስለሆኑ ቤተሰብ ተሰብስቦ በኢንተርኔት የሚያያቸውን ተከታታይ ድራማዎችና ዘጋቢ ፊልሞች በአንድ ዝርዝር ለማሰባሰብ ተስማምተን ነበር። ጥቆማው ሲመጣ ግን በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ ድራማዎች ከዘጋቢ ፊልሞቹ ጋር ተደባለቁ፤ አንዳንዶቻችሁም «ታሪክ ያስተምራል» የሚል ምስክርነት ጨምራችሁባቸዋል። ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ እንዲህ ያለ ድራማ ያለ ማሳሰቢያ ለቤተሰብ ሊጠቆም ይገባል ወይ የሚል ነው። ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። በ2020 (ዓመታቱን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ) የብሪታንያ የባህል ሚኒስትር ኦሊቨር ዳውደን ስለ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን በሚተርከው «ዘ ክራውን» ላይ ልብ ወለድ መሆኑን የሚገልጽ ማሳሰቢያ እንዲደረግ ኔትፍሊክስን ጠይቀው፣ ኩባንያው ተመልካቹ ድራማ መሆኑን ያውቃል በማለት ጥያቄውን አልተቀበለውም።

የታሪክ መምህሩ (ደሴ)፦
አይገባም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ከሁሉ ይበልጥ በተጠቆመው፣ እኔም በምወደው በ«ቼርኖቤል» ላስረዳ። በ2019 የወጣው ይህ ባለ አምስት ክፍል ድራማ የ1986ቱን የኑክሌር አደጋ ሲተርክ የዘመኑን የሶቪየት ኑሮ፣ ከቤት ዕቃው እስከ ልብሱ ስፌት፣ በሚያስደንቅ ጥንቃቄ አሳይቷል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ጥንቃቄ ነው፤ የግድግዳ ወረቀቱ ሳይቀር ልክ መሆኑን ያየ ተመልካች የሰዎቹንም ንግግር ልክ ነው ብሎ ይቀበላል። ኡላና ኮምዩክ የምትባለዋ ሳይንቲስት ግን በዓለም ላይ ኖራ አታውቅም፤ የአደጋውን ምክንያት ያጠናውን ሳይንቲስት ቫለሪ ሌጋሶቭን ያገዙትን ብዙ ባለሙያዎች እንድትወክል የተፈጠረች ናት። በመጨረሻው ክፍል ሌጋሶቭ በችሎት ፊት የሚያደርገው ያ ድንቅ ንግግርም አልተደረገም፤ በ1987 ኃላፊዎቹ ሲከሰሱ እሱ በችሎቱ አልቆመም። በአደጋው የመጀመሪያ ቀናት ሲወድቅ የምናየው ሄሊኮፕተር ደግሞ በእውነቱ የወደቀው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ማን ተናገረ፣ የት ተናገረ፣ ምን ከምን ቀደመ የሚሉት ጥያቄዎች በእኔ ክፍል ውስጥ ፈተና የሚያስጥሉ ናቸው። ስለዚህ ዝርዝሩ ለሁለት ይከፈል፤ ድራማው በድራማነቱ፣ ዘጋቢ ፊልሙ በዘጋቢነቱ ይቀመጥ።

የፊልም ጸሐፊዋ (አዲስ አበባ)፦
መምህር፣ የዘረዘሩት ሁሉ ልክ ነው፤ መደምደሚያዎን ግን አልቀበለውም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ የድራማው ጸሐፊ ክሬግ ሜዚን ከእያንዳንዱ ክፍል ጋር በወጣው ፖድካስት የቱን እንደለወጠና ለምን እንደለወጠ በራሱ አንደበት አስረድቷል፤ ኮምዩክ የፈጠራ ሰው መሆኗም በመጨረሻው ክፍል መዝጊያ ጽሑፍ ላይ ተገልጿል። ይህን ያህል ግልጽ የሆነን ደራሲ በአታላይነት መጠርጠር አይገባንም። ሁለተኛው ነገር ሙያዊ ነው። በደርዘን የሚቆጠሩ ሳይንቲስቶችን በአምስት ክፍል ውስጥ እያንዳንዳቸውን አስተዋውቆ ተመልካች እንዲጨነቅላቸው ማድረግ አይቻልም፤ ስለዚህ ጸሐፊ ያጣምራል፣ ያሳጥራል፣ ጊዜ ያቀራርባል።

ዘጋቢ ፊልም ከዚህ ነጻ ነው ብሎ ማሰብ ደግሞ የባሰ የዋህነት ይመስለኛል። ቢቢሲ በ2011 ባሳየው «ፍሮዝን ፕላኔት» ውስጥ በበረዶ ጎሬ የምትታየው የዋልታ ድብና ግልገሎቿ የተቀረጹት በኔዘርላንድስ የእንስሳት ማቆያ ነበር። ቢቢሲ ጉዳዩን በድረ ገጹ ቢገልጸውም በፊልሙ ትረካ ውስጥ ስላልተነገረ ነገሩ ሲታወቅ ብዙ ወቀሳ ተነሣበት። በዱር እንስሳት ፊልሞች ከምንሰማው የእግር ኮቴና የማኘክ ድምፅ ብዙው በስቱዲዮ የተሠራ ነው፤ በረጅም ሌንስ ከሩቅ የሚቀረጽ እንስሳ ድምፁ በማይክሮፎን አይያዝምና። ዝርዝሩን ለሁለት ስንከፍል ለሁለተኛው ወገን የማይገባውን የእውነት ማኅተም እንሰጠዋለን።

ጠበቃው (ዋሽንግተን)፦
በአጭሩ፣ ቃሉ ራሱ ክብደት አለው። በ2024 የወጣው ድራማ «ቤቢ ሬንዲር» (ለልጆች ፈጽሞ አይሆንም፤ ከዝርዝሩም ይውጣ) መክፈቻው ላይ «ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው» አለ እንጂ «ተመሠረተ» አላለም። የታሪኩ ክፉ ሰው እኔን የሚያሳይ ነው ያለች ሴት በስም ማጥፋት ከሰሰች፤ በካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛም ክሱ እንዲቀጥል ሲወስኑ ይህችን አባባል በምክንያትነት ጠቅሰዋል። አንዲት ዓረፍተ ነገር በፍርድ ቤት ይህን ያህል ካስጠየቀች፣ እኛም «ታሪክ ያስተምራል» የምንለውን ቃል እየመዘንን ልንጽፍ ይገባል።

ከአሽዶድ የምጽፈው፦
እስካሁን የተከራከራችሁት በታሪኩ ላይ ስለተጨመረው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የተቀነሰው ነው። በዝርዝሩ ውስጥ በ2019 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣውን «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» የጠቆመ ሰው አለ። ተከታታይ ድራማ ባይሆንም ጥያቄው ያው ነው። ፊልሙ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አሩስ በተባለ ቦታ፣ የባሕር ጠላቂዎችን መዝናኛ እንደ ሽፋን ተጠቅሞ ቤተ እስራኤላውያንን እንዴት እንዳወጣ ይተርካል። መዝናኛው በእርግጥ ነበረ፤ ዘመቻውም ተካሂዷል። ነገር ግን ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው ወኪሎቹን ነው። ወገኖቻችን ከመኪና ሲወርዱ፣ ጀልባ ሲሳፈሩ ይታያሉ፤ ከጎንደርና ከትግራይ በሌሊት በእግር የተጓዙበት መንገድ፣ በሱዳን የስደተኞች ሰፈር የቀበሯቸው ልጆች ግን ከጀርባ ቀርተዋል። በጉዞውና በሰፈሮቹ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል፤ መታሰቢያቸውም በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ ቆሟል። የሱዳንን መንገድ የከፈተው ፈረደ አክሉም ራሱ በፊልሙ ውስጥ ከበደ በሚባል ገጸ ባሕርይ ተተክቶ የአሜሪካዊው ኮከብ ረዳት ሆኗል።

እህቴ ፊልም ጸሐፊ፣ ይህ ፊልም «በእውነተኛ ክስተት መነሻነት» የሚለውን ቃል አስቀምጧል፤ ስለዚህ እናንተ የምትከራከሩበትን ማሳሰቢያ አሟልቷል ማለት ነው። ግን ማሳሰቢያው ማን እንደተዘለለ አይነግርም። አይጠቆም አልልም፤ የጠቆመው ሰው የፈረደን ስም ከፊልሙ ስም ጎን ይጻፍ።

እናት (ዱባይ)፦
እኔ የማነሣው የቤት ጉዳይ ነው። ለልጆቼ የምመርጠው በ2006 የወጣውን የተፈጥሮ ዘጋቢ ፊልም «ፕላኔት ኧርዝ»ን ነው፤ ስለ ተራሮች የሚናገረው ክፍል ከኤርታ አሌ ተነሥቶ የሰሜን ተራሮችን ጭላዳ ስለሚያሳይ፣ አገራቸውን በዚያ ጥራት ሲያዩት ይገረማሉ። ቤታችን ግን እናቴም ናቸው፤ እንግሊዝኛ አያነቡም። «ቼርኖቤል»ን አብረን ስናይ እኔ እየተረጎምኩላቸው ነበር፤ ያ በመጨረሻ የሚወጣው ጽሑፍ ጥቁር ገጽ ላይ ሲያልፍ ግን አንዱ ልጅ ውኃ ጠይቆኝ ተነሥቼ ነበር። እናቴ ዛሬም ስለዚያች ጀግና ሴት ያወራሉ። ፖድካስቱማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው።

የፊልም ጸሐፊዋ (አዲስ አበባ)፦
ይህኛው ሐሳብ ከመምህሩ ይልቅ እኔን ይፈትነኛል። የተከራከርኩት ደራሲው ተናግሯል በሚል ነው፤ የተናገረው ግን እንግሊዝኛ ለሚሰማ፣ እስከ መጨረሻው ፊደል ለሚቀመጥ ሰው ብቻ ከሆነ፣ እኛ ቤት ሲደርስ ያልተነገረ ያህል ነው። እንግዲያውስ የጠቆመው ሰው ያን መዝጊያ ጽሑፍ በአማርኛ ከጥቆማው ሥር ቢያሰፍረው እስማማለሁ።

የታሪክ መምህሩ (ደሴ)፦
ከዚህ ከደረስን ልዩነታችን ጠቧል። ዝርዝሩን መክፈል ላይ ግን አሁንም እጸናለሁ። የታማራ ዳዊትን «ፋይንዲንግ ሳሊ» ውሰዱ፤ በ2020 የወጣ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ የዲፕሎማት ልጅ ሆና ኢሕአፓን ስለተቀላቀለችውና ደብዛዋ ስለጠፋው አክስቷ ይተርካል። በዚያ ውስጥ የሚናገሩት እህቶችና እናት በሕይወት ያሉ፣ የራሳቸውን ሐዘን የሚናገሩ ሰዎች ናቸው፤ የተጻፈላቸውን ቃል አላነበቡም። ይህን ከተዋናይ ንግግር ጋር በአንድ ረድፍ ማስቀመጥ ለእነሱም ክብር አይሆንም።

የፊልም ጸሐፊዋ (አዲስ አበባ)፦
መምህር፣ ያ ፊልም በጣም ጥሩ ፊልም ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ትዝታ መሆኑንም አይደብቅም። በዚያው ዘመን ልጁን በሌላው ወገን ጥይት ያጣ ቤተሰብ ቢቀርጽ ሌላ ፊልም ይወጣዋል፤ ሁለቱም ዘጋቢ ይባላሉ። ስለዚህ እሱም ሥሩ ሁለት መስመር ያስፈልገዋል፤ የማን ትዝታ እንደሆነ፣ የማን ድምፅ እንደሌለበት። የ«ቼርኖቤል»ን ማሳሰቢያ እኔ እጽፋለሁ፤ ኮምዩክን፣ ችሎቱንና ሄሊኮፕተሩን እጠቅሳለሁ። የ«ፋይንዲንግ ሳሊ»ን እርስዎ ይጻፉ። ዝርዝሩ ግን አንድ ይሁን።