አደይ አበባን ቀለሙ ሳይጠፋ እንዴት ላቆየው?

የአራት ኪሎዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለእንቁጣጣሽ ልጄ ከጓሯችን የለቀመችውን አደይ መጽሐፍ ውስጥ ከተትነው። በሳምንቱ ብንከፍተው ቢጫው ቡናማ ሆኗል፣ መሃሉም ሻግቶ ከገጹ ጋር ተጣብቋል። ልጅቷ አለቀሰች። አደይ ደግሞ እንደሌላው አበባ ሁሌ አይገኝም፣ መስቀል ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ይረግፋል። ምን አጥፍቼ ነው?

የፒያሳ ልጅ፦ እህቴ፣ እርጥበት ነው። መስከረም ላይ መሬቱ ገና ክረምት ክረምት ይላል። ጠዋት አትልቀሙ፣ ጤዛው ይድረቅ። ጋዜጣ መሃል በፊቱ ደፍተሽ ዘርጊውና ከላይ ከባድ ነገር ጫኚበት። ውሃ የሚይዘው ያ ወፍራሙ መሃሉ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሪ፣ የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ግን እንዳትጠቀሚ፣ ውሃ አይመጥም። በ2 ሳምንት ገደማ ስትነኪው ኮሽ ይላል።

ካዛንቺስ፦ ለቅጠል ከሆነ ግሊሰሪንም አለ። 1 እጅ ግሊሰሪን ከ2 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለሽ ቅጠሉን ለጥቂት ቀናት ንከሪው። አይሰባበርም፣ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ብቻ ቀለሙ ትንሽ ይጠቁራል። ለአደይ አልመክርም፣ ስስ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ ልክ ነው። ፍሬም ውስጥ ካደረግሽው ደግሞ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀዪው፣ ብርሃን ቢጫውን ይበላዋል።

የአራት ኪሎዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! አጥሩ ጥግ 4 አበባ ቀርቷል። ነገ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አብረን እንለቅማለን።