ልጆቹ በሦስተኛው ሳምንት እየቀሩብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ያለሁት ጎንደር፣ አዘዞ ነው። 12ኛ ክፍል ነጥብ ያልመጣላቸውን ስምንት የሰፈር ልጆች ሰብስቤ «5 ሚሊዮን ኮደርስ» በሚባለው የመንግሥት የኦንላይን ኮዲንግ (የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ) ሥልጠና ላይ አስመዘገብኳቸው። ነፃ ነው፣ ሲጨርሱም ሰርተፍኬት አለው። በፕሮግራሚንግ መሠረታዊው ጀመርን። አሁን የሚመጡት ሦስት ብቻ ናቸው።

የመብራቱንና የኔትወርኩን ነገር ለምደነዋል። እንግሊዝኛውንም በአማርኛ አስረዳቸዋለሁ። የቸገረኝ ሌላ ነው። አንዷ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወደቀችና «እኔ ድሮም ለትምህርት አልተፈጠርኩም» ብላ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። እናቷ ጋ ቡና ሲፈላ ሄጄ ልጅቷን አናገርኳት፤ ስኒ ስታጥብ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ስህተት ሲለቅም እንደሚውል ብነግራት ማጽናኛ መሰላት። (እውነቴን ነበር፤ እኔ ራሴ ትናንት አንድ ቅንፍ ፍለጋ አምሽቻለሁ።)

ተስፋ ቆርጦ የወጣ ልጅ የመለሳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማስጠናት ይሠራል? ወይስ ቶሎ ብር የሚያሳይ ሙያ ላስቀድም? ለምሳሌ ለፒያሳ ሱቆች በካንቫ (የዲዛይን መሥሪያ መተግበሪያ) የቴሌግራም ማስታወቂያ መሥራት። እኔ ወደዚህኛው አዘነብላለሁ፤ ግን ኮዱን ጭራሽ እንዳይተዉት ፈራሁ። ቅዳሜ እንገናኛለን፣ ከዚያ በፊት ብትመልሱልኝ።