ግጥም በየቀኑ ይጻፋል ወይስ ሲመጣ ብቻ?

ስንኝ ፈላጊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ግጥም ስሜት ሲመጣ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ ካልተቀመጡለት አይመጣም የሚሉም አሉ። በየቀኑ ሲሞከር ደግሞ ደረቅ ይሆናል። መላው ምንድን ነው?

ባለ ዘአምላኪየ፦ የግእዝ ቅኔ የሚማሩበትን ቅኔ ቤት ተመልከት። መምህሩ ሲዘርፍ፣ ማለትም አዲስ ቅኔ በቃሉ ሲያወጣ፣ የሚሰማ ሰው ያኔውኑ የወረደለት ይመስለዋል። ግን ማንም ዝም ብሎ ዘራፊ አይሆንም፤ ግስና አገባብ ያጠናል፣ በ2 ቤቱ (በ2 መስመሩ) ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ በ3 ቤቶቹ ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ፣ በ5 ቤቱ ዋዜማ እያለ እስከ 8 ቤቱ መወድስ ይወጣል። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ይቆጥራል፣ ማለትም ቅኔውን በሐሳቡ ያዘጋጃል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪ (ለመምህሩ ረዳት) ይነግራል፤ የተሰበረው ይቃናለታል። የሌላ ሰው ቅኔ ማቅረብ ነውር ስለሆነ አዲስ ማምጣት ግድ ነው። «ዛሬ ስሜቱ የለኝም» የሚባል ነገር እዚያ አይሠራም።

ወርቅ ያለ ሰም፦ ልክ ነህ፣ ግን ምሥጢር (የተሰወረ ትርጉም) የሌለው ቅኔ ቤቱ ቢሞላም ማን ያደንቀዋል? ምሥጢሩ በቀጠሮ አይመጣም። ስለዚህ ሐሳብ ብልጭ ሲል ወዲያው በተራ ዐረፍተ ነገር ጻፈው፤ ቤት ለማስመታት፣ ማለትም የስንኞቹን መጨረሻ ድምፅ ለማመሳሰል፣ አትቸኩል። ቶሎ የተገኘ ቤት ሐሳቡን ወደ ራሱ ይጎትተዋል፤ ያላሰብከውን ያናግርሃል። ስንኙን በማግስቱ ተቀምጠህ ሥራው።

የወል ቤት፦ ድርቀቱ ብዙ ጊዜ ከስሜት ማጣት አይደለም፤ ከግስ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ጀማሪ ሁሉ «ሄደች፣ መጣች፣ አለች» እያለ ቤት ያስመታል። ያንን ሰዋስው በነፃ የሰጠው ነው፤ ጆሮ ይሰለቸዋል። ገልብጠው፦

ይሄ የክረምት ዝናብ / ሌሊቱን ዘነበ

የሚለውን

ሌሊቱን ዘነበ / ይሄ የክረምት ዝናብ

ስትለው 6 ለ6 ቀለም (የድምፅ ክፍል) የሆነው፣ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ምጣኔ አልተነካም፤ ቤት መምቻው ግን ስም ሆነ፤ «ረሃብ»፣ «ሐሳብ» ተከፈቱልህ። ስትቆጥር ደግሞ ፊደሉን ሳይሆን ድምፁን ቁጠር፦ «ትምህርት» 5 ፊደል ነው፣ በአፍ ግን 2 ቀለም። ምጣኔ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ስንኝ ፈላጊ፦ በቀን ስንት ስንኝ ይበቃል?

የወል ቤት፦ 2። ጮክ ብለህ አንብባቸው፤ ምላስህ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ምልክት አድርግና ነገ ከዚያ ጀምር።