የሥራ ዝለት (በእንግሊዝኛ «በርንአውት»፣ በሥራ ጫና መሟጠጥ) በመጠይቅ ይለካል ወይ? (ክርክር)

የፒያሳ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። እህቴ እዚህ ሐዋሳ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ባለፈው ሳምንት ከፈረቃ ሲወጡ 22 ጥያቄ ያለው ወረቀት ታደላቸው። «በሥራዬ ምን ያህል ጊዜ እዝላለሁ» ዓይነት ነው፣ ከ0 «በፍጹም» እስከ 6 «በየቀኑ» ድረስ እየመረጡ ማክበብ። ከላይ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ይጻፋል። ሰርቪሱ ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል፣ ሱፐርቫይዘሯ ራሷ ቆማ ትሰበስባለች። እህቴ ሁሉንም 0 አክብባ ወጣች። ቤት ስትገባ ግን ከነጫማዋ ነው የተኛችው። ታዲያ ይሄ መለካት ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ።

ሲስተር፦ አልስማማም ወንድሜ። ይሄ እነ ክርስቲና ማስላክ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጡት መጠይቅ ነው፣ ነርስ ስለሆንኩ እኔም ሞልቼዋለሁ። ሦስት ነገር ለይቶ ይጠይቃል፤ መሟጠጥን፣ ሰውን እንደ ዕቃ ማየትን፣ በሥራ ውጤት መርካትን። እህትህ ሁሉንም 0 ስትል «ደክሞኝ አያውቅም» ብቻ አይደለም ያለችው፣ «የረባ ነገር ሠርቼ አላውቅም»ም ብላለች። አስተውሎ የሚያነብ ሰው ካለ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። እኔ የማታ ተረኛ ሆኜ ታካሚን በስሙ መጥራት ትቼ «አልጋ 7» ማለት ጀምሬ ነበር። የእንቅልፍ ማጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ምን እንደሆንኩ የገባኝ ያንን ወረቀት ስሞላ ነው።

የታቦር ሰፈር፦ ሲስተር፣ ለአንቺ ልክ ነው። 22ቱ ጥያቄ የተጻፈው ለነርስ፣ ለሐኪም፣ ከሰው ጋር ለሚውል ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር ለምትውል ልጅ «የማገለግላቸው ሰዎች» ሲባል ማንን ታስብ? ለሌላው ሥራ 16 ጥያቄ ያለው ለብቻው አለ እኮ! ቋንቋውም አለ። «በርንአውት» አንዳንዴ «መሰላቸት» እየተባለ ይተረጎማል። መሰላቸትና መዛል ግን ለየቅል ናቸው። አፏን በሲዳምኛ የፈታች ልጅ ደግሞ ይሄንኑ አማርኛ በጥድፊያ አንብባ በአምስት ደቂቃ ታከብባለች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. የሥራ ዝለትን በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው። በነጥብ ብቻ ሰውን «ይቺ አልቆላታል» ማለት ነውር ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ የ0ውን ነገር አላሰብኩትም፣ ተቀብያለሁ ሲስተር። ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። መጀመሪያ የትርፍ ሰዓት መዝገቡን ለምን አያዩም? እሱ አይዋሽም።

ሲስተር፦ እሱንም ይዩ! ሰዓት ብቻ ግን አይበቃም። ከእኔ ጋር እኩል ተረኛ የነበረች ጓደኛዬ ምንም አልሆነችም፣ እኔ ነኝ ያለቅኩት። ስም ሳይጻፍ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የሆነ ሰው ይሰብስበው፣ ውጤቱም በክፍል እንጂ በሰው አይነገር።

የፒያሳ ልጅ፦ እህቴን አሁን ጠየቅኳት፣ «ስም ባይጻፍ እውነቱን ትሞዪ ነበር?» ብዬ። «የሚታደለው በማሽን ተራ ነው፣ የማን እንደሆነ ያውቁታል» አለችኝ።