የድሮ ወደብ ፎቶ፦ ቦታውን ለመለየት የቱ ይሻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከድሮ አልበም የወጣ የወደብ ፎቶ አለኝ፤ ጀርባው ባዶ ነው። ሁለት ጭስ ማውጫ ያላት መርከብ ትታያለች፤ በግራ በኩል ባሕሩ ውስጥ በተዘረጋ ግንብ ላይ ትልቅ ሐውልት ቆሟል። በፎቶ ከሚፈልጉት የኢንተርኔት መፈለጊያዎች የቱን ልጠቀም፦ ጉግል ሌንስ፣ ያንዴክስ ወይስ ቲንአይ? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

ሌንስ ብቻ፦ ጉግል ሌንስ! በሌላው ጊዜህን አታቃጥል።

ጠያቂ፦ ሞከርኩት። መጀመሪያ የየመኗ ኤደን ናት አለኝ፤ ጠርዙን ስቆርጠው የፈረንሳይዋ ማርሴይ ሆነች።

ሌንስ ብቻ፦ እንግዲያው ችግሩ ፎቶው ነው።

የተቃጠልኩ፦ ወንድሜ፣ "ፎቶ አጠራለሁ" ለሚል መተግበሪያ ብቻ እንዳትሰጠው! የእኔ መርከብ ላይ ስሟ ደብዝዞ ነበር። መተግበሪያው ከራሱ ፈጥሮ አሳምሮ ጻፈበት። የሌለች መርከብ ስፈልግ ሁለት ወር ከረምኩ። ዋናውን ፋይል ደግሞ አጥፍቼዋለሁ።

አሮጌ ካሜራ፦ ውይ! የእኔማ ለአክስቴ ጥርስ ጨመረላት።

ስካነር፦ በስልክ አታንሳው። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርገው።

ዝም አልልም፦ ግሩም ነው፤ ወደቡን ትተን የአክስትን ጥርስ ቦታ እንለይ።

መልሕቅ፦ ወደ ፎቶው እንመለስ። ቲንአይ የሚያገኘው ያው ምስል ኢንተርኔት ላይ ካለ ነው፤ ከአልበም ለወጣ ብዙም አይረዳህም። ያንዴክስ ተመሳሳይ ሕንፃ ሊያመጣልህ ይችላል። ከሁሉም በፊት ግን በዓይንህ እይ። ሐውልቱ የስዊዝ ካናልን ያስቆፈረው የፈረንሳዊው ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ ከሆነ ቦታው በካናሉ መግቢያ ያለችው የግብፅ ፖርት ሰይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ቆሞ በ1956 ስለፈረሰ ዘመኑንም ትይዛለህ። ባለ ሦስት ጉልላቱን የስዊዝ ካናል ሕንፃም ፈልግ። ከኋላ ተራራ ካለ ግን ፖርት ሰይድን እርሳት፣ ሜዳ ናት፤ በተራራ የተከበበችው ኤደን ናት። ደግሞ ከባሕር ወደ ካናሉ ሲገባ ሐውልቱ የሚቀረው በቀኝ ነው። የአንተ በግራ ከሆነ ወይ መርከብ ሲወጣ የተነሳ ነው፣ ወይ ኔጋቲቩ (ፎቶው የታተመበት ፊልም) ተገልብጦ ታትሟል። ፊደል ካለበት ተገልብጦ እንደሆነ እየው።

ጠያቂ፦ ተባረክ! ከኋላ የሆነ ነገር አለ፤ ተራራ ይሁን ደመና አልለየሁትም።

ሌንስ ብቻ፦ ሌንስ ይለየዋል።

ስካነር፦ 600 ዲፒአይ ብዬ ነበር።

መልሕቅ፦ ጠያቂ፣ ምን ላይ ደረስክ?

የተቃጠልኩ፦ እግረ መንገዳችሁን፣ የጠፋ ፋይል የሚመልስ የምታውቁ አላችሁ?