ኮርዱ ከፊደሉ ላይ እየሸሸ አስቸገረኝ፦ የአማርኛ ግጥምና የጊታር ኮርድ በሙዝስኮር

ጥያቄ (ፋሲሎ፣ ባሕር ዳር)
ሰላም ለሁላችሁ። ለጊታር ጀማሪዎች 24 ዘፈን የያዘ ጥራዝ እያዘጋጀሁ ነው። ግጥሙን በወርድ ጽፌ ኮርዱን ከላዩ ባለው መስመር ላይ በባዶ ቦታ ቁልፍ እየገፋሁ አስቀመጥኩ። ቤት ስከፍተው ልክ ነው። ፔዳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲከፈት ግን ኮርዱ ሁለት ሦስት ፊደል አልፎ ይገኛል። ኖታ ወደሚጻፍበት ፕሮግራም ወደ ሙዝስኮር 4 ስዞር ደግሞ አንደኛው ስንኝ ደህና ወጥቶ ሁለተኛው በሌላ ቅርጽ ይወጣል። ቃሉን በየኖታው ስር እንዴት እንደምከፋፍልም ግራ ገብቶኛል። ዊንዶውስ ነው የምጠቀመው። እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ (ኖታ ጸሐፊ)
እህቴ፣ ወርዱ ላይ የሆነው ይሄ ነው። የፊደሎቻችን ስፋት እኩል አይደለም፤ «ሐ» እና «ነ» የሚይዙት ቦታ ይለያያል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያንቺ ፎንት ከሌለው ኮምፒውተሩ ሌላ ይተካል፤ የግጥሙ ስፋት ይቀየራል፣ ባዶ ቦታው ግን በነበረበት ይቀራል። ስለዚህ ኮርድን በባዶ ቦታ መግፋት ጨርሶ ተዪው።

ሙዝስኮር ላይ ኮርዱ የሚታሰረው ከኖታው ጋር ስለሆነ አይሸሽም። የስንኙ ችግር ከፎንት ነው። «ፎርማት»፣ «ስታይል»፣ ከዚያ «ቴክስት ስታይልስ» ግቢ። እዚያ ለግጥም ሁለት ቦታ አለ፦ «ሊሪክስ ኦድ ላይንስ» እና «ሊሪክስ ኢቨን ላይንስ»። የመጀመሪያው 1ኛና 3ኛ ስንኝን ይገዛል፣ ሁለተኛው 2ኛና 4ኛን። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ቀይሮ ይወጣል፤ ያንቺም ይኸው ይመስለኛል። ሁለቱንም አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ አድርጊ። መጠኑን 12 አድርጊው፤ 10 ላይ «ጨ» እና «ጬ» ከኖታ ማስቀመጫው ላይ ሲነበቡ አይለዩም። ርእሱም የራሱ ስታይል አለው፣ እሱንም አትርሺ።

መልስ (የዜማ መምህር፣ ሽምብጥ)
አከፋፈሉን እኔ ልመልስ፤ ከሁሉም በላይ ጥራዙን የሚያበላሸው እሱ ነው። አንድ ፊደል አንድ ኖታ ማለት አይደለም። ሳድስ ፊደል ድምፅ አልባ ሲሆን ከእሱ በፊት ካለው ፊደል ጋር አንድ ኖታ ላይ ይቀመጣል። «ልብ» አንድ ኖታ ነው፣ «ልቤ» ግን ል-ቤ ሁለት። «እንጀራ» እን-ጀ-ራ ሦስት ነው፤ እ-ን-ጀ-ራ ብለሽ ከጻፍሽ ከዚያ በኋላ ያለው ግጥም በሙሉ አንድ ኖታ ወደ ቀኝ ይገፋል። «ባሕር ዳር» ባ-ሕር ዳር ሦስት። «ትዝታ» ግን ሳድሶቹ ስለሚሰሙ ት-ዝ-ታ ሦስት ነው። ዘፋኙ ሳድሱን ጎትቶ የራሱን ድምፅ ከሰጠው የራሱን ኖታ ስጪው፤ ዳኛው ጆሮ ነው።

አጻጻፉ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያውን ኖታ መርጠሽ ኮንትሮልና ኤል ተጫኚ። በአንድ ቃል ውስጥ ወደሚቀጥለው ክፍል በሰረዝ ትሻገሪያለሽ፣ ወደ አዲስ ቃል በባዶ ቦታ። የቃሉ መጨረሻ በብዙ ኖታ ላይ ሲጎተት የታችኛውን ሰረዝ በየኖታው ድገሚው፣ መስመር ይዘረጋል። ኢንተር ስትጫኚ ወደ ሁለተኛው ስንኝ ትወርጃለሽ። ፈጣኑ መንገድ ግን ግጥሙን በኖትፓድ በሰረዝ ከፋፍሎ ጨርሶ፣ ኮፒ አድርጎ፣ ኮንትሮልና ቪ እየደጋገሙ በየኖታው ማፍሰስ ነው።

ጠያቂዋ
በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁለቱም ተስተካከለ። አሁን የቀረኝ ኮርዱ ነው። ዘፈኑን ወደ ሌላ ድምፅ ሳሻግር አንዳንዱ ኮርድ ይቀየራል፣ አንዳንዱ ባለበት ይቀራል።

መልስ (ኖታ ጸሐፊ)
ባለበት የቀረውን ጠቅ አድርገሽ እዪው፤ የአማርኛ ኪቦርድ ሳይጠፋ የተጻፈ ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው በላቲን ፊደል የተጻፈ ኮርድ ብቻ ስለሆነ ሌላውን እንደ ተራ ጽሑፍ ይዞት ይቀራል። ሰርዢውና ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሰሽ በኮንትሮልና ኬ እንደገና ጻፊ። ለሻርፕ #፣ ለፍላት ትንሿን ቢ ተጠቀሚ። ባዶ ቦታ ወደሚቀጥለው ኖታ ወይም ምት ይወስድሻል፣ ታብ ወደሚቀጥለው ባር። ስታሻግሪም «ቱልስ»፣ «ትራንስፖዝ» ውስጥ የኮርድ ምልክቶችን አብሮ የሚያሻግረው ሳጥን ምልክት ይኑረው።

መልስ (ባለጊታር፣ ጣና ዳር)
ለጀማሪ ከሆነ ካፖውን፣ ማለትም የጊታሩ አንገት ላይ የሚታሰረውን መቆንጠጫ አስቢበት። ዘፋኟ በሲ ማይነር ከዘፈነች ኮርዶቹ ሲ ማይነር፣ ኤ ፍላት፣ ኢ ፍላት፣ ቢ ፍላት ይሆናሉ፤ ለጀማሪ ጣት ከባድ ናቸው። ካፖ 3ኛ ፍሬት ላይ ሲታሰር ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ሲ፣ ጂ ይሆኑለታል። «ስታይል» ውስጥ «ኮርድ ሲምቦልስ» ላይ የካፖ ቁጥር ስትሞዪ የካፖው ኮርድ በቅንፍ አጠገቡ ይወጣል። ክራር የሚመታው እውነተኛውን፣ ጊታሩ በቅንፍ ያለውን ያነባል።

ሌላም አለ። በየዜማው ላይ የፈረንጁን ሦስት ኮርድ አትደርድሪበት። ከሲ ስንነሳ የባቲ ቅኝት ድምፆች ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ናቸው፤ ሲ ሜጀርና ኢ ማይነር ሙሉ ለሙሉ ቅኝቱ ውስጥ ይገኛሉ። አምባሰል ግን ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ስለሆነ የሲ ኮርድ የሚፈልገው ኢ የለም። እዚያ «ሲ 5» ብለሽ ጻፊ፤ ተማሪው ሲንና ጂን ብቻ ይመታል። «ሲ» ብለሽ ከተውሽው ኢን ይጨምርና ቅኝቱን ያፈርሰዋል። ኤፍ ማይነርና ዲ ፍላት ግን ይስማሙታል። አንቺሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ ሲ ላይ ጂ እንኳ ስለሌለ ዜማው ሲ ላይ ሲያርፍ ኮርድ ሳትጽፊ ነጠላውን ድምፅ ብቻ ያሰማ።

መልስ (ሌላ አባል)
ዜማው ተጽፎ ያላለቀ ዘፈን ካለሽ ኮርድፕሮ የሚባለው የግጥምና ኮርድ አጻጻፍ ይበቃል። ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ኮርዱ በካሬ ቅንፍ ሆኖ ከሚመታበት ፊደል ፊት ይገባል። ቃሉን መሃል ላይ መክፈልም ይቻላል፤ ኮርዱ «ጎጃም» በሚለው ቃል «ጃም» ሲባል ከተቀየረ ቅንፉ በ«ጎ» እና በ«ጃም» መካከል ይገባል። ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 አስቀምጪ። የኮርድፕሮ ፕሮግራም ወደ ፒዲኤፍ ሲቀይረው የአማርኛ ፎንት በማስተካከያ ፋይሉ ካልሰጠሽው ፊደሉ አይወጣም፤ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡት የፒዲኤፍ ፎንቶች ፊደላችንን አያውቁትም።

መልስ (ኖታ ጸሐፊ)
ለኅትመት ስትሄጂ የሙዝስኮሩን ፋይል አትውሰጂ፣ ፎንቱን ይዞ አይሄድም። ፒዲኤፍ አድርገሽ አውጪው። ከዚያ በፊት በየ4 ባሩ የመጨረሻውን ባር መርጠሽ ኢንተር ተጫኚ፣ መስመሩ እዚያ ይቆረጣል፤ ለአዲስ ገጽ ኮንትሮልና ኢንተር። ሲታተምም «በትክክለኛ መጠኑ» በያቸው፤ ገጹን ለማጣጣም የሚለው ከተመረጠ 12 ያልሽው ፊደል ያንሳል። መጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ አሳትመሽ ኖታ ማስቀመጫው ላይ አድርገሽ እዪው።